ስለ ሬዲዮ ሠሪው የጻፍኩት ዘፈን

ዜማው የደረሰኝ ግጥም ሳይኖረው ነው። አቀናባሪው ጓደኛዬ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዷን መኝታ ክፍል ግድግዳዋን በስፖንጅ ለብዶ ስቱዲዮ አድርጓታል። እዚያ ተቀምጦ በአፉ እያንጎራጎረ ቀርጾ በስልኬ ላከልኝ። ለአንዲት አዲስ ድምፃዊት የሚሆን፣ ስለ መጠበቅ የሚያወራ የፍቅር ግጥም ነበር የፈለገው። እኔ ቀን ቀን አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ግጥም የምጽፈው ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ስድስት ወይ ሰባት ዘፈን ጽፌያለሁ። ሁሉም ስለ ፍቅር ነው፤ ያውም እኔ ላይ ስላልደረሰ ፍቅር።

ያን ዜማ ግን ደጋግሜ ብሰማውም ፍቅር አልመጣልኝም። የመጣልኝ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ የሞተው ሬዲዮ ሠሪ ነው። ለምን እሱ እንደመጣ አላውቅም። ለዓመታት አስቤው የማላውቅ ሰው ነው፣ ወይም እንዳላሰብኩት የማስበው ሰው ነው።

ሬዲዮ ሠሪው ቤቴል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚያስገባው፣ ያኔ ኮረኮንች በነበረው መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረው። ሱቁም ቤቱም እሷው ናት፤ ከፊት ይሠራል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይተኛል። ሚስት አልነበረውም። የተበላሸ ቴፕ ይዘንለት ስንሄድ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብሎ፣ «ምን እያለ ነው የሞተው?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛም ከልባችን እንመልስለታለን። አንዴ «መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ፣ ከዚያ ዘፋኙ ሰከረ» ብዬው ከት ብሎ ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

የሞተው ቅዳሜ ነው ይባላል። የተገኘው ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሱቁ በር ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ ውስጥ ሬዲዮው ይሠራ ነበር። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ሬዲዮውን ከሰማ «አለ፣ እየሠራ ነው» ይላል። ጓጉንቸሩን ያየ ደግሞ «ሌባ ሰው አለ ብሎ እንዲፈራ ከፍቶት ሄዶ ነው» ይላል። እንዲህ ሲባል ቅዳሜ አልፎ እሑድ ሆነ። በሩ ሲሰበር ጭንቅላቱን ተመቶ ወንበሩ ሥር ወድቆ ተገኘ። ከሱቁ የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ጓጉንቸሩም የእሱ አልነበረም፤ አዲስ ነው፣ መክፈቻውም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፖሊስ ሰዎችን ወሰደ፣ ጠየቀ፣ ለቀቀ። ማን እንደገደለው፣ ለምን እንደገደለው ሳይታወቅ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ይህን ነው፤ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ገደማ እናቴ ቴፓችንን እንዳመጣ ላከችኝ። በሩን አንኳኳሁ። ሬዲዮው ይሰማል። ደግሜ አንኳኳሁ። የሚከፍትልኝ አጣሁ። ተናድጄ ተመለስኩና «እያለ አልከፍትም አለኝ» ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ሰፈሩ በጩኸት ሲቀወጥ አልጋ ሥር ገባሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ልጅን ማን ይጠይቃል። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ጓጉንቸሩን አይቼው ከሆነ አላስታውስም። ቆርቆሮው በጡጫዬ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወረቀት ላይ መጀመሪያ የወረዱልኝ ስንኞች እነዚህ ነበሩ፦

*በሩ ከውጭ ተቆልፎ ሬዲዮው ከውስጥ ያወራል፣*
*ሰው የሌለበት ቤት እንዴት እንዲህ ይዘፍናል።*

ለአቀናባሪው በስልክ አነበብኩለት። ስለ ፍቅር መሆኑን እንድተወው፣ ይህንኑ እንድቀጥል ነገረኝ። እኔ ግን ከመቀጠሌ በፊት ነገሩን በደንብ ማወቅ ፈለግኩ። እውነተኛ ሰው ስለሆነ እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው። ይህ ሐሳብ ነው ያሳሳተኝ።

መጀመሪያ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ያን ቅዳሜ ስትልከኝ ስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቅኳት።

«የት ነው የላክሁሽ?» አለች።

ቴፑን ላመጣ መሄዴን ነገርኳት። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። ቴፑን ሐሙስ ዕለት ታላቅ ወንድሜ እንዳመጣው፣ እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ጉሮሮዬን ታምሜ፣ አተኩሶኝ፣ ቅዳሜን ሙሉ ከአልጋ እንዳልወረድኩ ነገረችኝ። ተከራከርኳት። ማንኳኳቴን፣ ተመልሼም የነገርኳትን ቃል ሳይቀር ደገምኩላት። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ወንድሜ በሕይወት ስለሌለ የሚዳኘን ሰው አልነበረም። እናቴ አርጅታለች፣ ተምታቶባት ነው አልኩና ተውኩት።

ከሱቁ ፊት ለፊት ያኔም አሁንም የሚሠራውን ፀጉር አስተካካይ ጠየቅኩት። ሬዲዮው ዜና እያወራ እንደነበር፣ ጓጉንቸሩም ከበሩ ላይኛ ጫፍ ላይ እንደነበር ነገረኝ። ዳቦ ቤት የነበራቸውን ሽማግሌ ስጠይቃቸው ሬዲዮ ሳይሆን ካሴት ነው፣ አንድ ዘፈን ብቻ እየተመላለሰ ነበር፣ ጓጉንቸሩም ታች ነው አሉኝ። ካሴት ራሱን በራሱ መልሶ አይዘፍንም ብላቸው «እሱ እኮ የሚያደርገውን ያውቅበታል» አሉ፣ የሞተ መሆኑን የረሱት ይመስል። ደብተር ገዝቼ የሁሉንም ቃል እጽፍ ጀመር። ደብተሩ በሞላ ቁጥር የማውቀው ነገር እያነሰ ሄደ።

አቀናባሪው ደግሞ በየቀኑ ይደውላል። ድምፃዊቷ ወደ ክፍለ ሀገር ልትሄድ ስለሆነ መቅረጽ ነበረበት። የመጀመሪያው አንጓ አለ፣ አዝማቹም አለ፤ ሁለተኛው አንጓ የለም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መንገዱ ተዘጋጋ። በመስኮት በኩል ውሃ የሚጠብቁ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው አየሁ። ይህንን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ረዳቱ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር እየተነታረከ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዜማውን በልቤ እያንጎራጎርኩ «ከመንገዱ ማዶ» የሚል ሐረግ መጣልኝ። «ማዶ» ካለ «ባዶ» አለ። ከማዶ ግን የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ሴት አቆምኩ። እጇ ላይ ቢጫ ጃንጥላ አስያዝኳት።

*ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማ ከመንገዱ ማዶ፣*
*ቁልፉን ይዛው ሄደች ቤቱን ትታው ባዶ።*

ቤቱ ባዶ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ለአቀናባሪው ይህንኑ ስነግረው ሳቀና ቤት እስከመታ ድረስ ችግር የለውም አለኝ። ተቀረጸ። ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ።

ዘፈኑ ተወደደ። እኔ ራሴ ገርሞኝ ነበር። ቤቴል ካፌዎች ውስጥ ይከፈታል፣ ሚኒባሶች ውስጥ ይከፈታል። ሰፈር ውስጥ ያሉ ሰዎች ስለማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንድ ቀን በፀጉር አስተካካዩ በር ሳልፍ ጠራኝና ሴትዮዋን እሱም አይቷት እንደነበር ነገረኝ።

«የትኛዋን ሴትዮ?» አልኩት።

«ባለ ቢጫ ጃንጥላዋን ነዋ።»

ያን ጊዜ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም ብለው አልጠየቅሽኝማ አለኝ። እሷን የፈጠርኳት እኔ መሆኔን ብነግረው የነገረሽን ሰው መደበቅሽ ነው በሚል ዓይነት ፈገግ አለ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ሁለት ሰዎች ስለ ሴትዮዋ አጫወቱኝ። አንዷ ረጅም ነበረች አለችኝ። ሌላው የሐዘን ልብስ ለብሳ ነበር አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ለትምህርት ቤት ባልደረቦቼ እንደ ቀልድ አወራሁት። ቆይቼ ግን መሳቅ አቃተኝ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያሳምን ነገር እኔ ብቻዬን፣ ታክሲ ውስጥ፣ በአሥር ደቂቃ ፈጠርኩት ማለት ከበደኝ።

ከዚያ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። የሟቹ እህት እንደሚፈልጉኝ ነገረችኝ።

ሬዲዮ ሠሪው እህት እንዳለው አውቃለሁ። ያኔ ባለትዳር ነበሩ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቴል መጥተው ቅመማ ቅመም ሱቅ ከፍተዋል። ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም። ግጥሙን ስጽፍ ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩ፣ ዳቦ ቤቱን ጠየቅኩ፤ እሳቸውን ለመጠየቅ ግን አስቤም አላውቅም። ለምን እንደሆነ አሁንም ለራሴ ማስረዳት አልችልም። ምናልባት ሐዘናቸውን መቀስቀስ አልፈለግኩም። ምናልባት ዘፈኑን እንዳልጽፍ ይከለክሉኛል ብዬ ነው።

ሱቃቸው ስደርስ ከአንዲት ደንበኛ ጋር በጉራጊኛ እየተጫወቱ በርበሬ ይመዝናሉ። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቁ፣ ከዚያ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

«ጃንጥላውን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም እትዬ። ራሴ የፈጠርኩት ነው።»

«የእኔን ጃንጥላ አንቺ እንዴት ትፈጥሪዋለሽ?»

መልስ አልጠበቁም። ያን ቀን የሆነውን፣ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወንድማቸው ምሳ ያመጡለት ነበር። ያን ቀን ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ባላቸው የገዙላቸውን ቢጫ ጃንጥላ ዘርግተው መጡ። መንገዱ እየተሠራ ስለነበር መኪና ድንጋይ ይገለብጣል፣ አቧራው አያሳልፍም። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሱቁን ሲያዩ በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ። አንዲት ልጅ በሩን ትመታለች። ልጅቷ መታ መታ አድርጋ ተመልሳ ሄደች። እሳቸውም ወጥቷል ማለት ነው ብለው ሳይሻገሩ ምሳውን ይዘው ተመለሱ።

ፖሊስ ሦስት ቀን አቆይቷቸዋል። ከማዶ መጥተሽ ለምን ሳትሻገሪ ተመለስሽ ነው ጥያቄው። ቁልፍ አየሁ ሲሉ፣ ሬዲዮውንስ አልሰማሽም ተባሉ። በመኪናው ጩኸት ምንም አልሰማሁም ብለው ማሉ። በሩን የምትመታ ልጅ ነበረች፣ እሷን ጠይቁ ብለው ለመኑ። ልጅቷ ተፈልጋ አልተገኘችም። ማስረጃም ስላልነበረ ለቀቋቸው፣ ግን ከዚያ በኋላ ባላቸው ሳይቀሩ ሲጣሉ ያችን ልጅ እያነሱ «ያንቺ ልጅ» ይሏቸው ነበር። የፈጠሯት ልጅ ለማለት።

«አሁን ደግሞ ዘፈን መጣ» አሉኝ። «ቁልፉን ይዛ ሄደች ይላል። ልጄ ታክሲ ውስጥ ሰምታው መጣች።»

ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። አልጋ ሥር የገባሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ስለ ማንኳኳቱ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ለማንም አለመናገሬን ሁሉ ነገርኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ማለት ነው?»

እናቴ ያለችውን፣ ታምሜ ተኝቼ እንደነበር መናገሯን ልደብቃቸው አልቻልኩም። ልጅቷ ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ በእጇም ጥቁር ፌስታል አሉ። ሹራቡ የእኛ ትምህርት ቤት ነው። ግን የሰፈሩ ልጅ ግማሹ እዚያ ነበር የሚማረው። ፌስታሉን አላስታውስም። ቴፕ ላመጣ ከሄድኩ ፌስታል መያዜ አይቀርም ስል አሰብኩ፣ ወዲያው ደግሞ ይህንንም አሁን እየፈጠርኩት ቢሆንስ አልኩ።

«ሬዲዮው ይሰማ ነበር?» አሉኝ።

«ይሰማ ነበር።»

ባንኮኒው ላይ የፈሰሰውን በርበሬ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ተሻግሬ ባናግርሽ ኖሮ» አሉ። አልጨረሱትም። እኔም ልጨርስላቸው አልደፈርኩም። በዚያች ሰዓት ሰውየው በሕይወት ነበር አልነበረም የሚያውቅ የለም። እሳቸው ቁልፉን ብቻ አይተዋል፣ እኔ ሬዲዮውን ብቻ ሰምቻለሁ፤ ያውም የሰማሁት እኔ ከሆንኩ ነው።

ዘፈኑን ዛሬውኑ ከኢንተርኔት አስነሣዋለሁ አልኳቸው። እሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አብረሽኝ ትሄጃለሽ አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተጠንቅቀው ለብሰው ነበር። የተቀበለን መርማሪ ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጣቸው፣ እናት እያለ ነበር የሚያናግራቸው። ይህን ያህል የቆየ መዝገብ ወዲያው እንደማይገኝ፣ የእኔን ቃል ግን መቀበል እንደሚችል ነገረን። ከዚያ እኔን መጠየቅ ጀመረ። ስንት ሰዓት ነበር? ስድስት ሰዓት ገደማ መሰለኝ። ጓጉንቸሩን አይተሻል? አላውቅም። ሬዲዮው ምን ያወራ ነበር? አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ ሴት አይተሻል?

እዚህ ላይ ቆምኩ። የታክሲው መስኮት፣ ጀሪካኖቹ፣ ረዳቱ ሁሉም በዓይነ ሕሊናዬ መጡ። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ የሆነ ቢጫ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ከአቧራው ውስጥ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት የሚታይ። ግን ያ ምስል ከአንድ ቀን በፊት፣ እሳቸው ሲነግሩኝ የመጣ ሊሆን ይችላል።

«አይተሽ ነው የጻፍሽው ወይስ ፈጥረሽ?» አለኝ መርማሪው።

«አላውቅም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው። አስተማሪ ነኝ፣ ለተማሪዎቼ አላውቅም የሚል መልስ አልቀበልም፤ ያን ቀን አራት ወይ አምስት ጊዜ አላውቅም ብዬ ፈረምኩ። ቢያንስ ማንኳኳቴንና ሬዲዮውን መስማቴን ያለ «መሰለኝ» ተናገርኩ። ይህን ማለቴ ትክክል ይሁን አይሁን አሁንም እጠራጠራለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ታመሽ ነበር ከሚለው ቃሏ ፍንክች አላለችም።

ከጣቢያው ስንወጣ ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጅ ነበረች የሚለውን ጽፎታል አይደል?»

«ጽፎታል።»

«አይተሻል? የመርማሪው ስም ከነፊርማው?»

«አዎ እትዬ። እኔም ፈርሜበታለሁ።»

እስከ ታክሲው ድረስ ክንዴን አልለቀቁትም።

አቀናባሪው ዘፈኑ ይነሣ ስለው ተናደደ። የዘፈኑ ነፍስ እኮ ሴትዮዋ ናት አለኝ። ሴትዮዋ ያለችበትን ሱቅ ስነግረው «እንቀይረዋለን» አለ። ድምፃዊቷ ከክፍለ ሀገር ስትመለስ ሁለተኛውን አንጓ እንደገና ቀረጽነው። ግጥሙ ብዙ ቀን አስቸገረኝ፣ በመጨረሻ የማውቀውን ያህል ብቻ ጻፍኩ፦

*ከማዶ የቆመች ቁልፉን ብቻ አየች፣*
*በሩን የምትመታው ድምፁን ብቻ ሰማች።*

ደህና ቤት አልመታም ብሎ አቀናባሪው አጉረመረመ። እንዳለ ተውኩት። የድሮውን ከኢንተርኔት አነሣነው፣ ግን ስልኩ ላይ የጫነው ሰው ብዙ ነው። እስካሁን አንዳንድ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የድሮውን እሰማለሁ። አዲሱን የሚከፍት ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ አስፈራርተውሽ ነው የቀየርሽው ብሎ ደምድሟል፤ ያየኋት ሴት ግን ረጅም ናት እንጂ የሟቹ እህት አይደለችም ይላል። ከፖሊስ ጣቢያ የደወለልኝ ሰው የለም።

አዲሱን ቅጂ ሱቃቸው ወስጄ አሰማኋቸው። የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ስስ ነገር በሁለት ጣታቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት። መለሱልኝና በረጋ ድምፅ ኮረሪማ ዘንድሮ መጥፋቱን ነገሩኝ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

አንዳንድ ጠዋት አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ እንገናኛለን። ካዩኝ ፌስታላቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ ያደርጉና ቦታ ይለቁልኛል። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ልጃቸው፣ ስለ ተማሪዎቼ እናወራለን። ስለ ወንድማቸው አናነሣም። አንድ ቀን ላነሣ ብዬ አፌን ስከፍት ቀድመው፣ ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም፣ ቁርስ በልተሻል ወይ አሉኝ። አልበላሁም ነበር። ከፌስታላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ እስክጨርሰው ድረስም ሌላ ነገር አላወራንም።